ቡናማው ሚግ

ትናንት እዚህ ጁባ፣ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ መሀል መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ...

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። የሰዓቴን ባትሪ ላስቀይር ቾል ጋ ሄድኩ። ቾል ሰዓት ሠሪ ነው፤ ጋምቤላ ስላደገ አማርኛው ከኔ ይጠራል። የሰዓቱን ጀርባ ሲከፍት የተቀረጸውን የአየር ኃይል ምልክት አየና ቀና አለ።

«ጋሽ ሰዒድ፣ የተዋጊ ጄት ቴክኒሻን ነበሩ እንዴ?»

እዚህ የጭነት አውሮፕላን እንደምጠግን እንጂ የድሮውን ለማንም አውርቼ አላውቅም። እሱ ግን ቀጠለ።

«የድሮው ሚግ... ፓይለቱ የሚቀመጥበት ቦታ ቀለሙ ምን ነበር? ከፊቱ ያለው ሰሌዳ መሀል ላይስ ነጭ መስመር አለ? ትንሽዬ ሞዴል እየሠራሁ ነው።»

በቃ፣ ሰላይ ነው አልኩ! ለጤነኛ ሰው የጦር አውሮፕላን ሆድ ዕቃ ምን ያደርግለታል? ጁባ ላይ ድልድይ ፎቶ ያነሳ ሰው እንኳ ጣጣው ብዙ ነው። ስሜ አንድ ቦታ ከተጻፈ የሥራ ፈቃዴ አበቃለት፤ አዲስ አበባ ያሉት ልጆቼስ ምን ይበላሉ?

እምቢ ብለው ደግሞ ይባስ ይጠረጥረኛል። ስለዚህ ዋሸሁ። ሰማያዊ አረንጓዴ የነበረውን «ቡናማ ነው» አልኩት። አውሮፕላኑ ከቁጥጥር ወጥቶ ሲሽከረከር ፓይለቱ መሪውን የሚያስተካክልበትን ነጭ መስመር «የለም» አልኩ።

«ታማም፣ በጣም ጥሩ!» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ባገኘኝ ቁጥር ይጠይቃል፤ እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እዋሻለሁ። የመቀመጫው ቀበቶ እንኳ ከምላሴ አልተረፈም።

ትናንት «አለቀ፣ ይምጡ» ብሎ ደወለ። የሚከተለኝ ሰው እንዳለ ግራ ቀኝ እያየሁ ገባሁ።

ሞዴሉ ላይ የነበረውን ጨርቅ ገልጦ አጉሊ መነጽሩን ሰጠኝ። ወላሂ፣ የቀበቶው ዘለበት ሳይቀር አለ! የመለኪያ ጌጆቹ የጤፍ ፍሬ ያህላሉ፤ መርፌም አላቸው። ግን ቡናማ ነው... ነጭ መስመርም የለም። ውሸቴ አንድ ሳይቀር ተሠርቶ ተቀምጧል።

«መጽሐፉ እኮ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው ይላል» አለ እየሳቀ። «እኔ ግን በእጁ የነካው ሰው ይበልጣል ብዬ እርስዎን አመንኩ።»

ክፈተውና እናስተካክለው እንዳልል የፓይለቱ ክፍል መስታወት በሙጫ ተዘግቷል። የሁለት ወር ልፋቱን ገደል ከተትኩት።

እሱ ምን ያውቃል... ሞዴሉ የቆመበትን ጣውላ አዙሮ አሳየኝ። በነጭ ቀለም አሳምሮ «በቴክኒሻን ሰዒድ ምስክርነት የተሠራ» ብሎ ጽፎበታል።

ስሜ እንዳይጻፍ ፈርቼ ነበር የዋሸሁት... ይኸው ተጻፈ፣ ያውም ከውሸቴ ሥር።