አባቴ የወደዷቸው ጭራቆች

የምሠራበት ሆቴል እንግዳ አጥቶ ሲዘጋ ባለቤቱ ከእንግዳ መቀበያው ቴሌቪዥኑን፣ ማጫወቻውንና አንድ ካርቶን ሙሉ ዲስክ አንስቶ «ውሰጂው፣ አቧራ ከሚበላው» አለኝ። ዲስኮቹን ትቷቸው የሄደው ለገና ወደ ላሊበላ ይመላለስ የነበረ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። በባጃጅ ጭኜ ቤት ሳደርስ አባቴ አልጋቸው ላይ ሆነው «ደግሞ ምን ቆሻሻ ይዘሽ መጣሽ?» አሉ።

አባቴ በአገሩ የታወቁ የቅኔ መምህር ነበሩ። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ከያዘው ወዲህ ጉባኤያቸው ተበተነ። እናቴ ቀድማ ስለሞተች የማነሳቸውም የማጥባቸውም እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳጎርሳቸው እጄ ከዘገየ «ተኛሽ እንዴ?» ይላሉ፤ ከፈጠነ «ልትገድይኝ ነው?» ይላሉ። በማስተማር ዘመናቸው ተማሪዎቹ የሚፈሩት ዱላቸውን አልነበረም። ቅኔው የተበላሸበትን ልጅ ድምፁን፣ አንገቱን፣ ትንፋሹን ሳይቀር አስመስለው በጉባኤው ፊት ይደግሙታል። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ጥሎ የጠፋ ብዙ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው አንድ ረጅም ተከታታይ ፊልም ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት የተሠራ። መንኮራኩራቸው ተበላሽታ በከዋክብት መካከል የሚንከራተቱ ሰዎች ታሪክ ነው። ባረፉበት ምድር ሁሉ ዓይን የሌላቸው፣ ተሰልፈው የሚሄዱ ግራጫ ጭራቆች ይደርሱባቸዋል። በየምዕራፉ መጨረሻ ጭራቆቹ ይቃጠላሉ፣ ይሰምጣሉ፣ ይፈነዳሉ፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ ተመልሰው ይመጣሉ። የዋሻው ግድግዳ ሰው ሲደገፈው ይወዛወዛል። የአንደኛው ጭራቅ ዚፕ ከጀርባው ይታያል። ቢሆንም ወደድኩት። የመንኮራኩሯን ሐኪም ሆና የምትጫወተው ሴት ስትፈራ አትጮህም፤ እጇን ኪሷ ውስጥ ትከታለች። ይህን ያየሁ ጊዜ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ለማየት ወሰንኩ።

አባቴ መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው ያልሰሙ መሰሉ። ቆይተው «ምን እያሉ ነው?» አሉ። መተርጎም ጀመርኩ። ጥቂት ክፍሎች እንዳየን ማንን እንደሚደግፉ ገባኝ። የመንኮራኩሯ አለቃ ሰዎቹን ሲያጽናና «ይሄ ልፍስፍስ!» ይሉታል። ጭራቆቹ ሲሰለፉ ግን በደህና እጃቸው ብርድ ልብሱን እየመቱ አረማመዳቸውን ይከተላሉ። «እዪ! አንድም አይሳሳትም» ይሉኛል። አንድ ወጣት ተይዞ ሲጎተት የሳቁትን ሳቅ ከታመሙ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ያኔ አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ ከአድማጮች የፊልም ዳሰሳ ይቀበል ነበር። በስልኬ ጽፌ ላክሁ፤ ተነበበልኝ። አዘጋጇ ደውላ «ሌላም ላኪ፣ ሰው ወዶታል» አለችኝ። ከእኔ አንድ ነገር የፈለገ ሰው ካየሁ ስለቆየሁ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ብቻዬን ፈገግ ስል ነበር።

አባቴ ከጎረቤት ሰምተው «አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ። «ጭራቆቹን አስፈሪ የሚያደርጋቸው መልካቸው ሳይሆን መመለሳቸው ነው» የሚል ነበረበት። አባቴ ዓረፍተ ነገሩን በእኔ ድምፅ መለሱልኝ። ቅጥነቱ፣ መጨረሻው ላይ አየር የምስብበት፣ ሁሉም ነበረበት። እንደዚያ እንደምናገር አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተናገርኩ ቁጥር ራሴን እሰማለሁ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሊጠይቋቸው መጡ፤ ሁሉም ዛሬ ቄስና መሪጌታ ናቸው። አንደኛው ከአሸተን ማርያም ተራራ ወርደው የመጡ፣ ሲናገሩ የሚንተባተቡ ቄስ ነበሩ። ጠላ ቀድቼ ልወጣ ስል አባቴ «ቁሚ! ልጄ ሊቅ ሆናለች። አንብቢላቸው» አሉ።

ቆሜ አነበብኩ። አባቴ እየተከተሉ በእኔ ድምፅ ይደግማሉ። እንግዶቹ መጀመሪያ ወደ መሬት አዩ፤ በኋላ አንዱ ሳቀ፣ ሁሉም ሳቁ። የአሸተኑ ቄስ ብቻ አልሳቁም። ከልባቸው ማወቅ ፈልገው ወደ እኔ ዞሩና፣

«ከ... ከሞቱ በኋላ እንዴት ነው የሚ... የሚመለሱት?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔ መልስ ሳልሰጥ አባቴ ቀደሙኝ። «ከ... ከ... ከሞቱ በኋላ» አሉ። የከንፈራቸው ግማሽ አይንቀሳቀስም፤ ማስመሰሉ ግን አንድም ነገር አልጎደለውም። የቄሱን ዓይን መጨፈን፣ የአገጫቸውን መንቀጥቀጥ ሁሉ አደረጉት። ጢሙ የሸበተ ሰው፣ ጥምጥሙን እንደጠመጠመ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ፊቱ ሲቀላ አየሁ። ያን ጊዜ የሳቀ የለም።

ቄሱ ጠላቸውን አስቀምጠው ተነሡ። የአባቴን ጉልበት ሳሙና «ይ... ይማርዎት፣ የኔታ» ብለው ወጡ።

በዚያው ሳምንት አንድ ዳሰሳ ጽፌ ላክሁ። ፊልም ሠሪዎቹ ጭራቆቹን ገድለው መቅበር ያልቻሉት እኛ ተመልካቾች ስለምንስቅላቸው ነው አልኩ። ሬዲዮው ሲያነበው አባቴ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ስለ እኔ ነው የጻፍሽው» አሉ።

«ስለ ፊልሙ ነው፣ አባዬ።»

«ውሸታም። ደግሞ ደካማ ነው። ሰው ስትወጊ ስሙን ጥሪ፤ ዙሪያውን አትልከስከሺ።»

ጎረቤቴ አባቴን እንድታይልኝ ለምኜ በማግስቱ አሸተን ወጣሁ። ቄሱን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ገብስ ሲያርሙ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ልስም ስል ይዘው አነሡኝ።

«አባ፣ ስለ እሁዱ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ።»

«አ... አንቺ ምን አደረግሽ? ሬዲዮውን ሰምቻለሁ። ደ... ደህና አድርገሽ ጽፈሻል።» ያረሙትን አረም ወደ ዳር ወረወሩ። «ብላቴና ሆኜ ጀ... ጀመሩኝ። ሰው ይለምደዋል ይባላል። አ... አይለምደውም።»

ቄሱ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣

«የኔታ ሲያርፉ ላ... ላኪብኝ። ፍትሐቱን እኔ ነኝ የማደርሰው። ለ... ለሌላ እንዳትሰጪ» አሉ።

ይቅር ያሏቸው መስሎኝ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባ» አልኩ።

«አ... አይ፣ ለምሕረት ብዬ አይደለም። ሳ... ሳዜም አልንተባተብም። እሳቸው ተገንዘው፣ መ... መልስ ሳይኖራቸው፣ አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ተጎንብሰው አረማቸውን ቀጠሉ። እኔም ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ቤት ስገባ አባቴ «የት ዋልሽ?» ብለው አፈጠጡብኝ። ቄሱ ያሉትን አንድም ቃል ሳላስቀር ነገርኳቸው። ልደብቃቸው እችል ነበር፤ አልደበቅኩም። እንዲጎዳቸው ፈልጌ ነበር።

ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ቀረብ አልኩ። እየሳቁ ነበር። ሳቁ ሳል ሆነባቸው፣ ውሃ አጠጣኋቸው፣ አገጫቸውን ጠረግኩ።

«ዜማውስ ጥሩ ነው፤ እኔ ነኝ ያቃናሁት» አሉ። «ይጠብቀኛ! እስከዚያ እኔ አለሁ። በይ ክፈቺው፣ መብራቱ ሳይሄድ።»

ከፈትኩላቸው። ጭራቆቹ ከአሸዋ ሥር እየወጡ ነበር። ሰዎቹ የሚሉትን ሁሉ በትክክል ተረጎምኩላቸው። እየተረጎምኩ ቄሱ ለፍትሐቱ የሚጠሩበትን ቀን መመኘት ጀመርኩ።