ፓርላማ የገባው ግማሽ ጸጉር

የመጀመሪያ ቀን ጋሼ ከድር መቀስ አልሰጡኝም። መጥረጊያ ነው የሰጡኝ። ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ ወድቄ፣ ከሒሳብ አስተማሪው ጋር ተሰዳድቤ፣ ደብተሬን ሶር ወንዝ ወርውሬ የመጣሁ ሰውዬ ነኝ። መጥረጊያ ሲያስጨብጡኝ ደሜ ፈላ።

«ጋሼ፣ እኔ ጸጉር ልቆርጥ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«መጀመሪያ የወደቀውን እይ» አሉኝ። «ማን የማንን ራስ እንዳበላሸ መሬት ላይ ይታያል።»

ጋሼ ከድር የስልጤ ሰው ናቸው። መቱ መናኸሪያ አጠገብ ያለችውን ጸጉር ቤት የከፈቷት እኔ ሳልወለድ ነው። በአማርኛ ይጀምሩና በኦሮምኛ ይከራከራሉ። ሲናደዱ ስልጥኛ ነው፤ ያኔ ዝም ማለት ያዋጣል። የመቀስ ሰው ናቸው። ማበጠሪያ በግራ፣ መቀስ በቀኝ፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። እሳቸው አንድ ራስ እስኪጨርሱ የቡሬ መኪና ሞልቶ ይወጣል።

የኛ ቤት ማዕረግ እንዲህ ነው። ከመጥረጊያ ወደ ፎጣ ማጠብ፣ ከፎጣ ወደ ጺም፣ ከጺም ወደ ሕጻናት ራስ። የሕጻን ራስ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ አንገቱን እንደ ዶሮ ነው የሚያዞረው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ወንበር ይሰጥሃል። አንደኛው ወንበር የጋሼ ከድር ነው፤ እሳቸው ባይኖሩም ማንም አይቀመጥበትም።

እኔ ሁለተኛው ወንበር ላይ ስደርስ ማሽን ገባ። ኧረ ማሽን! ይጮኻል፣ ይላጫል፣ አለቀ። ጋሼ አንድ ሲሠሩ እኔ ሦስት እሸኛለሁ።

«መቀሱንም ተማር» ይሉኛል።

«መቀስ የሽማግሌ ነው ጋሼ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ይመጣላ!»

ስልጥኛ ጀመሩ። ዝም አልኩ።

መብራታችንን መቼም ታውቁታላችሁ። ዝናብ ሲዘንብ ይጠፋል፤ ኢሉባቦር ደግሞ የማይዘንብበት ቀን የለም። ይህን ሁሉ ውሃ ከሰማይም ከሶርም ይዘን፣ መብራት ግን እንደ እንግዳ ነው፤ ቁጭ በል ስትለው ይነሳል። ስንቱን ሰው ግማሽ ራሱን ላጭቼ ግድግዳ ስር አስቀምጬዋለሁ! ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ላያቸው መንገደኛ ሕመምተኛ ይመስሉታል።

እንግዲህ ኦቦ ኢተፋ የሚመጡት እዚህ ጋ ነው። ኦቦ ኢተፋ የኛው የፓርላማ ተመራጭ ነበሩ፤ የተቃዋሚዎች መሪ። ያኔ ተቃዋሚ ፓርላማ ገብቶ መንግሥትን ይጠይቅ ነበር። የቀድሞ አስተማሪ ናቸው፤ ሽበት የነካው ትልቅ ጎፈሬ አላቸው፤ ሲናገሩ ጎፈሬውም አብሮ ይናገራል።

የአረፋ ሰሞን ነበር። ጋሼ ከድር እንደ ሁልጊዜው ለበዓሉ አገራቸው ሄደዋል። ቤቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ጥለው ነው የሄዱት። ሲወጡ በር ላይ ቆመው «ስሜን ነው የሰጠሁህ» አሉኝ። «ስመጣ ስሜ ከተበላሸ፣ መጥረጊያው ያለበትን ታውቃለህ።»

ኦቦ ኢተፋ ገብተው አንደኛውን ወንበር አዩና ሁለተኛው ላይ ተቀመጡ። ነገ ፓርላማ አለ፤ መኪናቸው ውጭ እየጠበቃቸው ነው። ነጩን ጨርቅ አንገታቸው ላይ አሰርኩና ማሽኑን አስነሳሁ።

«ኦቦ ኢተፋ፣ ነገ ምን ሊጠይቁ ነው?»

«ስለ ሕገ መንግሥቱ አተረጓጎም።»

«ስለ መብራት ይጠይቁልን እንጂ፣ ማሎ፣ እባክዎ!»

«ልጄ፣ የሚሰጡኝ ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ትልቁን ነገር ነው የማነሳው። መብራት ትንሽ ነገር ነው፤ ቀበሌም ይጠየቃል።»

ተናደድኩ። እጄ ግን አልተናደደም፤ የግራውን ጎን በጥሩ ሁኔታ እያወረድኩ ነው። «ኦቦ ኢተፋ» አልኳቸው፣ «ሕገ መንግሥቱ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ጠፍቶብኝ አያውቅም።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «አንተ ምላስህን ትምህርት ቤት ብታውለው ኖሮ...» ብለው ሳይጨርሱ ማሽኑ እጄ ላይ ዝም አለ።

አምፖሉም ጠፋ። ከመስተዋቱ በላይ ያለው ሬዲዮም ዝም አለ። ውጭ አንዱ «ሄደች!» ብሎ ጮኸ።

«ይመጣል» አልኩ።

ጠበቅን። አልመጣም። ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ኦቦ ኢተፋ ወደ በሩ ብርሃን ዞረው መስተዋት አዩ። ግራው ተላጭቷል፤ ቀኙ ጎፈሬ ነው። ከአንዱ ጎን ወታደር፣ ከሌላው ጎን ባሕታዊ።

የጋሼን መቀስ አነሳሁ። ሦስት ጊዜ ቀጭ አደረግሁ። ከጆሯቸው በላይ ጉድጓድ ወጣ።

«ተው!» አሉ። «ያለው ይበቃል።»

«በደሌ ላይ ያስጨርሱ ኦቦ ኢተፋ፣ እዚያ ጸጉር ቤት ሞልቷል...»

ባርኔጣቸውን አደረጉና ወጡ። እኔ ጨርቁን እያራገፍኩ ልቤ እስኪጠፋ ፈራሁ። የጋሼ ስም ከነባርኔጣው አዲስ አበባ እየሄደ ነው።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰብን። ደግነቱ ወይም ክፋቱ፣ የዚያን ቀን መብራት ነበር። በደሌም ባይሆን አዲስ አበባ ጠዋት አስጨርሰዋል ብዬ ተጽናንቻለሁ። አዲስ አበባ ጸጉር ቤት ይጠፋል እንዴ?

ኦቦ ኢተፋ ሊጠይቁ ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አላስጨረሱም! ሆን ብለው ነው ያላስጨረሱት። ካሜራው መጀመሪያ በግራ አሳያቸው፤ ደህና ሰው ናቸው። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረ። እትዬ አስካለ ሻዩን ብርጭቆ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ቀዳችው።

አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን አስተካክለው «የተከበሩ አባል፣ ምነው... ደህና ነዎት?» አሉ።

«ደህና ነኝ፣ የተከበሩ አፈ ጉባኤ። ይኼ ማስረጃ ነው» አሉ ኦቦ ኢተፋ። ግራ ጎናቸውን ነኩ። «ይኼ መብራት ሳይጠፋ ነው።» ቀኛቸውን ነኩ። «ይኼ ከጠፋ በኋላ ነው። መቱ ላይ አንድ ወጣት ጸጉር አስተካካይ ሥራውን መጨረስ አቅቶታል። እዚያ ወፍጮውም፣ ብየዳውም፣ የሐኪሙ ማቀዝቀዣም እንደ ራሴ በግማሽ የቆመ ነው። መንግሥት የቀረውን ግማሽ መቼ ይጨርስልናል?»

አዳራሹ ሳቀ። ከመንግሥት ወገን የተቀመጡትም አፋቸውን በወረቀት ከልለው ሳቁ። ሚኒስትሩ ተነስተው ዘላቂ መፍትሔ እየተሠራ ነው፣ ሕዝቡ በትዕግሥት ይጠብቅ አሉ። ግን የኦቦ ኢተፋን ራስ እያዩ መናገር አቃታቸው፤ ጣሪያውን እያዩ ነው የመለሱት።

እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጥያቄዬ ፓርላማ ገባ! የሻይ ቤቱ ሰው ግን ጥያቄውን ማን ሰምቶት?

«ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች! ማነው እንዲህ የላጫቸው?»

«የከድር ቤት ልጅ ነዋ! ይኸው እዚህ ተቀምጧል!»

«ግማሹን ለተቃዋሚ፣ ግማሹን ለመንግሥት አድርገህ ነው አይደል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ግማሽ» ሆነ። ሕጻናቱ ሳይቀሩ «ግማሽ! ግማሽ!» ይሉኛል። ደንበኛ ጠፋ። በራችን ላይ አልፈው፣ ጭንቅላታቸውን በእጃቸው ይዘው ጎሬ ድረስ ሄደው የሚስተካከሉ ነበሩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ አቶ ደረጀ መጡ። ሹም ናቸው፤ የጋሼ ከድር የድሮ ደንበኛ።

«ሆን ብለህ ነው?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«አትሞኝብኝ። መንግሥትን ለማሳጣት በግማሽ ቁረጥ ብሎ ማን አዘዘህ?»

«መብራት ነው ያዘዘኝ።»

«ይኼ ቀልድ ቤቱን ያሳሽጋል!»

«ቁልፉ የጋሼ ከድር ነው፤ ሲመጡ ይንገሯቸው» አልኩ። ቤቱ ከታሸገ ጋሼ ለእኔ መጥረጊያም የላቸውም። አቶ ደረጀ ሌላ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አምፖሉ ጥፍት አለ። ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው የራሳቸውን ጸጉር ዳበሱ።

«ለማንኛውም ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብለው ወጡ።

ጋሼ ከድር ሲመለሱ ወሬው በደሌ ላይ ደርሷቸዋል። ስልጥኛውን ጠበቅሁ። አልመጣም። መጥረጊያውን ከጥግ አነሱና ራሳቸው መጥረግ ጀመሩ። እሱ ከስድብ ባሰብኝ። ጠርገው ሲጨርሱ ማሽኑን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። መቀሱን እጄ ላይ አደረጉ።

«ኦቦ ኢተፋ ሌላ ጸጉር ቤት አልገባም ብለዋል፤ ለፓርላማ እረፍት እስኪመጡ ነው ጊዜህ። የተጀመረው ራስ እዚሁ ነው የሚያልቀው።»

ተማርኩ። በማን ራስ? በጋሼ ከድር ራስ! ሌላ ማን ይቀመጥልኛል? ጉድጓድ ሳወጣ ኮፍያቸውን ያደርጋሉ፤ ሲያድግ እንደገና ይቀመጣሉ። አውራ ጣቴ እስኪላጥ ቀጭ ቀጭ አልኩ።

ኦቦ ኢተፋ በገበያ ቀን መጡ። ግራው ትንሽ በቅሏል፤ ቀኙ ጨርሶ ጫካ ሆኗል። ከኖፓ ቡና ይዞ የመጣው ሁሉ በር ላይ ተኮለኮለ። ጋሼ ከድር ሁለተኛውን ወንበር አልፈው አንደኛውን ወደ ኦቦ ኢተፋ አዞሩት። «እዚህ ይቀመጡ» አሉ። ለእኔም በአገጫቸው ምልክት ሰጡኝ።

መብራት ነበር። ጋሼ መሳቢያውን ከፍተው ማሽኑን አውጥተው አጠገቤ አስቀመጡት።

ከበር «ግማሽ! በየትኛው ነው?» አለ አንዱ።

ማሽኑን ገፋ አድርጌ መቀሱን አነሳሁ። ኦቦ ኢተፋ በመስተዋት ውስጥ አዩኝና ዓይናቸውን ጨፈኑ። የፈሩ መሰለኝ። ቀጭ አልኩ። ቀኙን አወረድኩ፣ ግራውን አስተካከልኩ፣ ጉድጓዴን ራሴ አጠፋሁ። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ «ኡ!» አለ።

እጄ አልቆመም።

ስጨርስ ኦቦ ኢተፋ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ዳበሱ። «አባ ኮ፣ አባቴ» አሉኝ፣ «ፓርላማው ግማሹን እንኳን አልጨረሰም፤ አንተ ጨረስክ።»

የመብራቱ ዘላቂ መፍትሔ እስከ ዛሬ እየተሠራ ነው አሉ። ሲጠፋ አሁንም እሳደባለሁ፤ ስድቤን ማንም አይከለክለኝም። እናንተ ማሽን የያዛችሁ ልጆች ግን ይኼን ስሙኝ፦ በማሽን የጀመራችሁትን በመቀስ መጨረስ የማትችሉ ከሆነ፣ የሰው ራስ አትጀምሩ።