የግላፊራ ሕጋዊ ቁማር ቤት

ግላፊራ ጎረቤቴ ናት። አጥራችን አንድ ነው፤ ዶሮዎቻችን እንኳ የየትኛዋ እንደሆኑ አያውቁም። ስለ እሷ ልጽፍ መሆኔን ስነግራት «ስለ እኔ ምን ይጻፋል? ዶሮ አረባሁ፣ ባል ቀበርኩ፣ ጥቅል ጎመን በጨው ዘፈዘፍኩ፤ በቃ» አለችኝ። ይህን ያለችው ለትሕትና አይደለም፤ የምር እንደዚያ ይመስላታል። እኔ ግን ሁሉን ነገር በዓይኔ ስላየሁ ዝም አልልም። ዝም ማለት ደግሞ ድሮም አልሆነልኝም።

መንደራችን አዞቭ ባሕር ዳር ናት። ባሕሩ ጥልቀት የለውም፤ ልጆች እስኪሰለቻቸው ቢራመዱበት ከጉልበታቸው አያልፍም። ከመንደሩ ጀርባ የሱፍ አበባ እርሻ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ታዲያ ከሞስኮ አዋጅ ወጣ። በአገሩ ያለ ቁማር ቤት ሁሉ ይዘጋል፤ ቁማር የሚፈቀደው መንግሥት በከለላቸው ጥቂት ቀጠናዎች ብቻ ነው ተባለ። አንደኛው ቀጠና የኛው የሱፍ እርሻ ሆኖ ተገኘ። ለምን እንደመረጡን የነገረን የለም። እኔ በበኩሌ አንዱ ሹም ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ካርታ ላይ ያሳረፈ ይመስለኛል።

ሙሉ ልብስና ከረባት ያደረጉ ሰዎች መጡና ትልቅ ሥዕል ዘረጉልን። ሰማይ የሚነካ ሆቴል አለ፣ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፣ በመብራት የሚጨፍር ፏፏቴ አለ። እኛ «ውኃስ?» ብለን ጠየቅን፤ የጉድጓዳችን ውኃ ጨው ጨው ይላልና። «ውኃም ይገባል» አሉ። አይካድም፣ ውኃው ገባ፣ አስፋልቱም ተነጠፈ። ሆቴሉና አውሮፕላን ማረፊያው ግን ከሥዕሉ ሳይወጡ ቀሩ። እርሻው መሐል ሦስት አዳራሾች በቀሉ፤ ከመብራታቸው ብዛት የተነሳ አውራ ዶሮዎቻችን ንጋቱ ጠፍቷቸው ባሰኛቸው ሰዓት ይጮኹ ጀመር።

ወጣቱ ሁሉ ሥራ አገኘ። ላም ያልቡ የነበሩ ልጃገረዶች የቢራቢሮ ከረባት አስረው ካርታ አዳይ ሆኑ። አንድ ድንች እስኪላጥ ቁጭ ማለት የማይችለው የእህቴ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሐውልት ቆሞ ካርታ ሲያድል አየሁት። ሠራተኛ በገንዘብ ፋንታ የሚያስይዙትን የቁማር ጠጠር እንዳይደብቅ ተብሎ ሱሪያቸው ኪስ የለውም። እናቱ አዝናለት ኪስ ብትሰፋለት ልጁን ከሥራ ልታስባርረው ነበር።

ግላፊራ አዳራሾቹን ረግጣቸው አታውቅም። እሷ የምትወደው ሎቶ ነው። ማታ ማታ እኛ አሮጊቶች ከበሯ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠን፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈልን፣ ከከረጢት የእንጨት ቁጥር እያወጣን በሳንቲም እንጫወት ነበር። አዋጁ በወጣ ሰሞን የመንደራችን ፖሊስ ዳኒላ በዚያ አለፈ። ዳኒላ መቀለድ ይወዳል።

«እናንተ አሮጊቶች» አለን፣ «ሕግ መውጣቱን አልሰማችሁም? ከቀጠናው ውጪ በገንዘብ መጫወት ክልክል ነው።»

«ከዚህች ሳንቲም ነው መንግሥት የሚደኸየው?» አልኩት።

«ሕግ ሕግ ነው፣ ግሩንያ። መጫወት ካማራችሁ ያውላችሁ፣ ከምሰሶው ወዲያ ተሻገሩ፤ ቀጠናው ከዚያ ይጀምራል።» በእጁ ያመለከተው ግላፊራ ግቢ ውስጥ ሠራተኞች የተከሏትን አጭር የብረት ምሰሶ ነው። ምሰሶዋ የቆመችው በመኖሪያ ቤቱና ግቢው ውስጥ ለብቻው በተሠራው የበጋ ኩሽና መካከል፣ ከኩሽናው በር አጠገብ ነበር።

እኛ ሳቅን። ግላፊራ ግን በሕግ አትስቅም። በማግስቱ ስንመጣ ጠረጴዛው ኩሽናው ውስጥ ገብቷል፣ ምድጃው ነዷል፣ እሷም «ግቡ፣ ግቡ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሕጋዊ ነን» ትላለች። ስሙም በዚያው ጸደቀ። መንደሩ ሁሉ የግላፊራ ሕጋዊ ቁማር ቤት ይለው ጀመር።

አስፋልቱ የሚያልቀው እሷ በር ላይ ስለነበር፣ ቁማርተኞችን ከከተማ የሚያመጣው አውቶብስም እዚያው ዞሮ ይቆማል። ሹፌሩ ዬፊም ሳቪች ይባላል፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ረጅም፣ ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ ሰው ነው። ሰዎቹ ተጫውተው እስኪመለሱ መጠበቅ ግዴታው ነው። ግላፊራ ብርድ ላይ ቆሞ ስታየው ወደ ኩሽናው ጠራችው። እሱ ግን ምሰሶዋ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግላፊራ ፕሮኮፊየቭና። ቀጠናው ውስጥ ቁማር የተጫወተ ሹፌር ይባረራል ተብዬ ፈርሜያለሁ።»

«ታዲያ ከምሰሶው ሳያልፉ ቁጥር ያውጡልን» አለችው።

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ወንበሩን ከምሰሶዋ ወዲህ፣ ከበሩ ውጪ ያደርግና ከረጢቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቁጥር ይጠራልናል። ዘጠና ሲወጣ «አያትየው» ይላል፤ ሃያ ሁለት ሲወጣ «ሁለቱ ዳክዬዎች»፤ አሥራ አንድ ሲወጣ «የከበሮ ዱላ»። ክረምት ሲገባ በሩን ከፍተን ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ እንጫወት ነበር። በኋላ ግላፊራ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለችና ድምፁን ብቻ እየሰማን መጫወት ያዝን፤ ለእሱም የሟች ባሏን ካፖርት አለበሰችው።

በእነዚያ ዓመታት ዬፊም ጣሪያዋን ጠግኗል፣ እንጨቷን ፈልጧል፣ የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቷል። እሷም በበኩሏ ኪሳቸው ተራግፎ ለሚመለሱት ቁማርተኞች የቀይ ሥር ሾርባ ስታቀርብ፣ ወፍራሙን ሥጋ ለእሱ ታስቀራለች። አንዱ ከሳሪ ሾርባውን ጠጥቶ «ከዚህ አገር ያተረፍኩት ይህንን ነው» ብሎ እጇን ስሟታል። ዬፊም ያን ቀን ፊቱን እንዳጠቆረ ዋለ። እኔ መታገሥ አልችልምና አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

«ዬፊም ሳቪች፣ እርስዎ ሚስት አይፈልጉም?»

«አሁን ሥራ ላይ ነኝ» አለኝ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ አዋጅ መጣ። ጥቁር ባሕር ዳር ካለው ተራራ ላይ የሚያምር አዲስ ቀጠና ተከፍቷልና የኛው አዲስ ዓመት ሳይገባ ይዘጋል ተባለ። ሲከፍቱትም ሲዘጉትም ያማከረን የለም። የእህቴ ልጅ ኪስ የሌለው ሱሪውን አጣጥፎ ወደዚያው ተሳፈረ። አውቶብሱም ሊቀር ሆነ። የግላፊራ ልጅ ላሪሳ ከከተማ ደውላ «እማዬ፣ ገዢ ሳይጠፋ ቤቱን ሽጪና ነይ፤ እኛ ጋ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሙቀት አለ፣ ሊፍት አለ» አለቻት። ግላፊራ ስልኩን ዘጋችና ዶሮዎቿን አስገባች። ማታ እኔ ዘንድ መጥታ አለቀሰች።

«ቤቱን መሸጥ አይደለም የከበደኝ፣ ግሩንያ። ቀጠናው ሲዘጋ ያ ሰው የሚመጣበት ምክንያት ያጣል። እወደዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ጉድ አልሽኝ?»

«አላልኩም። ንገሪው።»

«እሱ ወንድ አይደለም እንዴ? እሱ ይንገረኝ። ከተናገረ እቀመጣለሁ፤ ዝም ካለ ግን ያንን ባዶ ወንበር እያየሁ አልኖርም፣ እሸጣለሁ።»

ሳምንት ሲቀረው ሠራተኞች የቀጠናውን ምልክት ሊነቅሉ መጡ። ግላፊራ «የኔንም አትርሱ» ብላ ምሰሶዋን አሳየቻቸው። አለቃቸው አየት አደረጋትና ሳቀ።

«እማማ፣ ይቺ የውኃው ቧንቧ ምልክት ናት። የቀጠናው ድንበር ከዚያ ከሸለቆው ማዶ ነው።»

ሁላችንም አብሯቸው ወደመጣው ወደ ዳኒላ ዞርን። ዳኒላ እስከ ጆሮው ቀላ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት በፖሊስ መሪነት ሕገወጥ ቁማር ስንጫወት ኖረናል። እኔ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ዬፊም ግን ወንበሩን ትክ ብሎ እያየ «እና ወደ ውስጥ መግባት እችል ነበር ማለት ነው?» አለ።

«ገብተህማ ቢሆን እኔው ነበርኩ የምቀጣህ» አለው ዳኒላ፣ እኛም እንደገና ሳቅን። ያልሳቀችው ግላፊራ ብቻ ናት። ይህ ሰው ምሰሶ ካየ ዕድሜ ልኩን ከምሰሶው ወዲህ እንደሚቀመጥ የገባት ያኔ መሰለኝ።

በመጨረሻው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ላሪሳ ገዢ ይዛ መጣች። ገዢው ለስላሳ የከተማ ሰው ነው፤ ጣሪያውን ያያል፣ ግድግዳውን ያንኳኳል። በር ላይ አውቶብሱ የመጨረሻዎቹን ከሳሪዎች ጭኖ ሞተሩን ያሞቃል። ዬፊም ወደ መኖሪያ ቤቱ ገባና ቆቡን አወለቀ።

«ግላፊራ ፕሮኮፊየቭና» አለ፣ «ስለ ሾርባው አመሰግናለሁ።»

ይህንን ብሎ ወጣ። በጭልፋ ጭንቅላቱን ልለው ምንም አልቀረኝም። ግላፊራ እጇን ጠረገች፣ ከሽርጧ ላይ ካፖርቷን ደረበች፣ ገዢውን «አንዴ ይጠብቁኝ» ብላ ተከትላው ወጣች። እኔም ተከተልኩ፤ ልቀር ኖሯል? አውቶብሱ ላይ ወጥታ ከሹፌሩ ጀርባ ቁጭ አለች።

«ወዴት ነው?» አላት ደንግጦ።

«ወደ ከተማ፣ ልጄ ቤት። የኔን ልሸጠው ነው፤ የምትነግረኝ ነገር ከሌለህ።»

«ምን ልንገርሽ?»

«እሱን እንኳ እኔ አልነግርህም። ከተማ እስክንደርስ አስብበት። ንዳ።»

በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ። ላሪሳ ሮጣ ወጥታ «እማዬ ያለ ቦርሳ ወዴት ነው?» ትላለች። አገራችን ሜዳ ነው፣ ምንም ነገር አይሸሸግም። አውቶብሱ በበረዶው መሐል እያነሰ እያነሰ ሄደና የመንገዱ ዛፎች ጋ ሲደርስ ቆመ። ገዢው «ተበላሸ እንዴ?» ሲል «ዝም ይበሉ» አልኩት። ከዚያ ያ ረጅም አውቶብስ በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ወደፊት ወደኋላ፣ ወደፊት ወደኋላ እያለ ዞረና ወደኛ መጣ። ከሳሪዎቹ በመስኮት እያጨበጨቡ ነው።

ግላፊራ ጉንጯ ፍም መስሎ ወረደች። «ቤቱ አይሸጥም» አለችው ገዢውን፤ «ሾርባ ግን አለ፣ ይግቡ።» ላሪሳን ደግሞ «አንቺም ካፖርትሽን አውልቂና ድንች ላጪ» አለቻት። ከዚያ ወደ አውቶብሱ ዞረች።

«ሰዎቹን አድርሰህ ና።»

«በምን ልምጣ?» አላት ዬፊም ከመሪው ላይ። «ይህን ዛሬ ማታ ይቀበሉኛል። ሌላ መኪና ደግሞ ወደዚህ አይመጣም።»

«በእግርህ» አለችው።

በማግስቱ፣ በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን፣ ቁጥር የሚጠራልን ሰው ሳይኖር ሎቶ ልንጀምር ስንል፣ ዬፊም ሳቪች ሻንጣውን ተሸክሞ፣ እስከ ጉልበቱ በረዶ ለብሶ የኩሽናው በር ላይ ቆመ። ወንበሩ እንደ ወትሮው ውጪ ነበር። ግላፊራ ወጣችና ወንበሩን ወደ ውስጥ አስገባችለት።