ሁለት ጭብጨባ

ብስራተ ገብርኤል በር ላይ ጧፍ የምትሸጠው ክብረት ወደ ግቢው የሚመላለሱትን የአንድ ሽማግሌ ስም አታውቅም። የምታውቀው የሱሪያቸውን የካውያ መስመር ነው፤ ዳቦ የሚቆርስ ስለት አለው። ጡረታ የወጡ የልብስ ፋብሪካ መካኒክ ናቸው። እሑድ እሑድ ከግቢው ጽድ ሥር ሁለቴ እጅ ይነሱና ሁለቴ ያጨበጭባሉ።

«አባባ፣ ወፍ ነው የሚያባርሩት?» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ወጣት ሳለሁ ለስፌት መኪና ሥልጠና ጃፓን ላኩኝ። እዚያ ተራራ ላይ፣ ጫካ መሃል አንድ መቅደስ አለ። ለጸሎት የሚመጡት ሁለቴ እጅ ነስተው፣ ሁለቴ አጨብጭበው ዝም ሲሉ ዓለም ሁሉ ዝም ይላል። ልጄ፣ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ዳግም አላገኘሁም።»

የግቢው ጥበቃ ግን «ይሄማ የአድባር አምልኮ ነው! ለዛፍ ይጨበጨባል እንዴ?» ብሎ ከለከላቸው።

ምን ቸገራቸው! አሁን የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ማጨብጨብ እስኪጀምሩ ይጠብቁና የራሳቸውን ሁለት ጭብጨባ መሃል ላይ ሸጎጥ ያደርጋሉ። ዛሬም ከበሮው ሰፈሩን ከእንቅልፉ እየቀሰቀሰ፣ እሳቸው አጨብጭበው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል።

ክብረት አላስቻላትም። «አባባ፣ በዚህ ሁሉ ጫጫታ ጸጥታው ይመጣል?»

ዓይናቸውን ገለጡ።

«መጥቶ ነበር» አሉ፣ «አንቺ ስታወሪ ሄደ እንጂ።»