ወደ ኋላ የወጣነው ዳገት

ባለፈው ሳምንት ሚዛን ከተማ ላይ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ካለው መኪና ማጠቢያ አጠገብ ሳልፍ አጣቢው የአንዲት ትንሽ የቤተሰብ መኪና የጎን በር ገፋ አደረገ። በሩ ሐዲዱን ይዞ ወደ ኋላ ተንሸራተተና መጨረሻው ላይ ቀጭ ብሎ ቆመ። ከውስጥ የረጠበ የመቀመጫ ጨርቅ ሽታ መጣ። ሽንኩርት ልገዛ ነበር የወጣሁት። አጣቢው «እህት፣ ያንቺ ናት እንዴ?» ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

የኔ አልነበረችም። የአክስቴ ግን ልክ እንደሷ ነበረች፤ ቀለሟ እንኳ ያው፣ የደበዘዘ ብርማ። ስለዚያች መኪና ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ፣ ወዳጄ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ዓረብ አገር ሄዳ ብዙ ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። መጀመሪያ ቤት ስታጸዳ ቆየች፤ በኋላ አሠሪዎቿ መንጃ ፈቃድ ስላስወጡላት ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ታመላልስ ጀመር። ወደ አገሯ ስትመለስ ሰው ሁሉ ወይ ቤት ትሠራለች ወይ ሱቅ ትከፍታለች ብሎ ጠበቀ። እሷ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ እዚያ ስትነዳው የኖረችውን ዓይነት መኪና አፈላልጋ ገዛች፤ ብቻዋን እየነዳች በጅማ፣ በቦንጋ አድርጋ ሚዛን ገባች።

ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ርቆ ቱም ከተማ ያስተምር ስለነበር ቤት ውስጥ አያቴ፣ እናቴ፣ እኔና ሁለት ትንንሽ ወንድሞቼ ብቻ ነበርን። አንዲት መኪና በራችን ላይ ቆመች። የምትነዳው ሴት መነጽሯን አውልቃ «አታውቁኝም?» ስትል እናቴ የያዘችውን የልብስ ሳፋ ለቀቀችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሴት ልጅ መኪና ስትነዳ በቅርብ አይቼ አላውቅም ነበር። አክስቴን ሰላም ከማለቴ በፊት እጆቿን ነው ያየሁት፤ በነዚያ እጆች ነው ያን ሁሉ መንገድ ያመጣቻት እያልኩ።

በማግስቱ ኮፈኑን ከፍታ አሳየችን። «ሞተሯ ሺህ አምስት መቶ ሲሲ ነው» አለች። ሲሲ ምን እንደሆነ አናውቅም። ወንድሞቼ ሺህ አምስት መቶ ፈረስ ማለት መሰላቸውና ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ እንደዚያው አወሩ። ማርሿ አውቶማቲክ ነበር። ሰባት መቀመጫ በሦስት ረድፍ አላት፤ የመጨረሻው ረድፍ ታጥፎ ወለሉ ውስጥ ይገባና ድራሹ ይጠፋል። ወንድሞቼ ያን እየደጋገመች እንድታሳያቸው ለመኗት፤ መቀመጫው ብቅ ባለ ቁጥር አዲስ ነገር ያዩ ያህል ያጨበጭባሉ። የጎን በሮቿ በቀኝም በግራም ተንሸራታች ናቸው፣ በአንድ ጣት ይከፈታሉ። አክስቴ ጉድለቷንም አልደበቀችንም።

«ከመሬት ብዙ አልራቀችም፣ ድንጋይ አትወድም» አለች። «ዳገት ላይ ሰው ከሞላባት ደግሞ ታጉረመርማለች።»

አክስቴ ይህን ሁሉ ስትናገር አያቴ ከቤት ወጥታ መኪናዋን ቀስ ብላ ዞረቻት። አንድ ጊዜ ከአውቶቡስ ደረጃ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ስለተጎዳ ከዚያ ወዲህ አውቶቡስም ሚኒባስም አልሳፈርም ብላ ነበር። ከወደቀች ጀምሮ ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አልፋ አታውቅም። አሁን ከዘራዋን በተከፈተው በር አጠገብ አቆመችና የወለሉን ከፍታ ለካችው። ከጉልበቷ በታች ነው የሚደርሰው። ማንም ሳይደግፋት አንድ እግሯን አነሳች፣ ከዚያ ሌላውን፤ ከመሀለኛው ረድፍ ላይም ተቀመጠች። መቀመጫውን በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አድርጋ በቤንችኛ «በዚህስ እህቴ ዘንድ እደርሳለሁ» አለች።

እህቷ በወጣትነቷ ለአንድ የሸኮ ሰው ተድራ ቴፒ አካባቢ ቡና መሀል የምትኖር ናት። ከብዙ ዓመት በፊት የወንድማቸው ለቅሶ ላይ ከተገናኙ ወዲህ አልተያዩም። በዚያው ሰሞን ልጇ ስልክ ደውሎ «እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ሳይጠፋባት በፊት የእህቷን ፊት ማየት ትፈልጋለች» ብሎ ነበር። አያቴ መልእክቱን ሰምታ ወደ ጓሮ መሄዷን አስታውሳለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን። እናቴ ጋቢና ተቀመጠች፣ እኔና አያቴ መሀል፣ ወንድሞቼ ከኋላ። ወደ ሸኮ በሚወጣው መንገድ ደኑ ከግራም ከቀኝም ተጠጋን፤ ጉሙ ከዛፎቹ ላይ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተኝቶ ነበር። ያንን መንገድ ከዚያ በፊት በሚኒባስ ሄጄበታለሁ፤ ሰው ላይ ሰው ተጭኖ፣ የፊት ለፊቴን ሰው ጀርባ እያየሁ። በዚህች መኪና ግን መስኮቱ ሰፊ፣ መቀመጫውም ከፍ ያለ ስለነበር አገሩ ሁሉ ወደ እኛ ገብቶ የተቀመጠ መሰለኝ። ጠመዝማዛው ላይ ወደ ጎን ቀስ ብላ ታዘነብላለች፤ ከዚያ ተመልሳ ቀጥ ትላለች፤ ልክ ሕፃን እንዳዘለች ሴት። ጉብታ ሲያጋጥማት አትደነግጥም፣ ዝም ብላ ትውጠዋለች። አክስቴ መሪውን በጣቶቿ ብቻ ነበር የምትይዘው። ዳገቱ ሲበረታ ሞተሯ እንዳለችው አጉረመረመ፤ ቁልቁለቱ ላይ ማርሹን ዝቅ አድርጋ ፍሬኑን ሳትነካ በሞተሩ ብቻ ያዘቻት። እየወረድን ስንሄድ አየሩ ሞቀ፣ የበሰለ ሙዝና የእርጥብ አፈር ሽታ ገባ። አያቴ አልተኛችም። እጇ ጭኔ ላይ ነበር፤ አዲስ ነገር ባየች ቁጥር ጨበጥ ታደርገኛለች።

ቴፒን አልፈን አስፋልቱን ለቀቅንና ወደ እህቷ ቀበሌ በሚወስደው ፒስታ ገባን። ዝናብ ዘንቦበት ኖሮ ቀዩ አፈር ሳሙና ሆኗል። የመጨረሻው ዳገት ላይ መኪናዋ እኩሌታውን እንደወጣች የፊት ጎማዎቿ ባዶ ዞሩ፤ ጭቃው መስኮቱን መታው፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። አክስቴ ቆመች። እንደገና ሞከረች። ወደ ጎን፣ ወደ ቦዩ መንሸራተት ስንጀምር እናቴ በሁለት እጇ በሩን ያዘች።

ቡና የተሸከሙ ሰዎች ቆመው ያዩን ነበር። አንዱ ሽማግሌ ወደ መስኮቱ ቀረብ ብለው «እህቴ፣ ሰዎቹ ይውረዱልሽና እንግፋ» አሏት።

አክስቴ ወደ ኋላ ዞራ አያቴን አየቻት። በዚያ ጭቃ አንድ እርምጃ መሄድ እንደማትችል ሁላችንም እናውቃለን። አያቴ ቀስ ብላ «መልሺኝ ልጄ። እዚህ መድረሴን ይንገሯት፣ ይበቃል» አለች።

«አይበቃም» አለች አክስቴ። ከዚያ ለሽማግሌው፣ «አባቴ፣ ማንም አይወርድም። ክብደቱን እፈልገዋለሁ። መንገዱን ብቻ ልቀቁልኝ።»

መኪናዋን ቀስ አድርጋ ወደ ታች መለሰቻት፣ ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኝም አዞረቻት። ኋላዋ ወደ ዳገቱ፣ ፊቷ ወደ ቁልቁለቱ ሆነ። እናቴ እህቷ ተስፋ የቆረጠች መስሏት «እንመለስ እንግዲህ» ብላ ተነፈሰች። አክስቴ ግን ማርሹን ወደ ኋላ አስገባች። «የምትሄደው በፊት ጎማዎቿ ነው» አለችን፣ ወንድሞቼም እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ፊቷን ወደ ዳገቱ ስታዞር ሸክሙ ሁሉ ወደ ኋላ ይሄድና ፊቷ ይቀላታል፣ መሬቱን አትይዝም። እንዲህ ሲሆን ግን ሸክሙ እነዚያው ጎማዎች ላይ ይወርዳል። እናንተ ከኋላ ያላችሁ፣ ራሳችሁን ዝቅ አድርጉ።»

አንድ ክንዷን በእናቴ መቀመጫ ላይ ዘርግታ ፊቷን ወደ እኛ አዞረች። እኛን አልነበረም የምታየው፤ በመካከላችን አሻግራ የኋላውን መስታወት ነው። መኪናዋ መውጣት ጀመረች። ጎማዎቹ ጭቃውን ነከሱት፣ ሞተሩ በአንድ ቀጭን ድምፅ ዘመረ፣ ወንድሞቼ መቀመጫው ላይ ተደፉ። እኔ የአክስቴን ፊት ነበር የማየው። በልጅነቴ ያየሁት ትልቁ ነገር ያ ፊት ነው ብልሽ ማጋነን አይሁንብሽ። አልፈራችም፣ አልተቆጣችም፤ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ከንፈሯን ትንሽ ከፈት አድርጋ፣ ሁላችንንም ይዛ ወደ ኋላ ትወጣለች።

አያቴ ወደ ፊት ነበር የምታየው። ከፍ ባልን ቁጥር በፊተኛው መስታወት የቴፒ ቆላ ከሥራችን እየሰፋ ይገለጥ ነበር፤ መጀመሪያ የቡናው ጥላ ዛፎች ጫፍ፣ ከዚያ የሚያበሩ የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ከዚያ መጨረሻው የማይታይ ደን፣ በላዩ ዝናብ የያዘ ደመና እየሄደ። አያቴ ጭኔን ጨበጠችው።

«ይሄ ሁሉ የት ነበር?» አለች።

ዳገቱ አለቀ። ከታች የቀሩት ሰዎች ድምፅ ተሰማ፤ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። አክስቴ ደግሞ ለማዞር እንኳ ቦታ ስላልነበረ እንደዚያው ወደ ኋላ እየነዳች የአያቴ እህት ግቢ ውስጥ አስገባችን። እናቴ በኋላ «የት ተማርሽው?» ስትላት «እዚያ፣ አሸዋ ላይ። ልጆቹን እንደያዝኩ መኪናዋ ተቀብራብኝ የሚረዳኝ አጥቼ» ብቻ ነበር መልሷ።

የአያቴ እህት የቤቱን ግድግዳ ተደግፋ ወጣች። «ማነው?» አለች። በሩ ተንሸራተተ። አያቴ ከዘራዋን እኔ ላይ ጣለችና በራሷ ወረደች፣ ሄዳም ፊት ለፊቷ ቆመች። እህቷ አገጯን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። ለረጅም ጊዜ አየቻት። አልተላቀሱም። «አርጅተሻል» አለቻት በቤንችኛ፣ በሸኮ ቅላጼ። «አንቺም» አለች አያቴ፣ ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ አልተገናኙም። አያቴ በተከታዩ ክረምት አረፈች፤ መኪናዋ ተሸጠች፤ አክስቴም ያን ያህል ሳትቆይ ተመልሳ ወደዚያው ዓረብ አገር ሄደች። በዓመት በዓል ስትደውል ስለዚያ ቀን ሳነሳባት «ትንሽ ዳገት ነበር» ትላለች።

ዳገቱን የወጣን ቀን ከሰዓት ዝናቡ እንደገና መጣ። የአያቴ እህት መኪናዋን ማየት ስለፈለገች ሁለቱ መሀለኛው ረድፍ ላይ ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኔም ከኋላቸው ነበርኩ። አክስቴ መሪው ላይ እንደተቀመጠች ራሷን መስኮቱ ላይ ደግፋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። የአያቴ እህት በደከመ ዓይኗ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ አየቻት።

«ይቺ ነጂ የማን ናት?»

«የኔ ናት» አለች አያቴ። «የመጨረሻዋ።»

«ደክሟታል።»

«አዎ። እንዳንቀሰቅሳት።»

አያቴ ነጠላዋን አውርዳ በመቀመጫው ላይ አሻግራ የአክስቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት። ከዚያም ያን ሁሉ ዓመት የተጠራቀመ ወሬያቸውን ይዘው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ሁለቱም ዝም አሉ።