ከእጁ አጠገብ የነበረው ውሃ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን፤ እንዲያውም እሳቸውን ነው የዋሸሁት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። በሠራሁት ግን ፍረዱ።

ልጄ ሀብታሙ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። መስመሩን የያዘ ጊዜ ፈራሁ። ቁስቋም ዳገት ላይ ያደገ፣ ነሐሴን በሁለት ሹራብ የሚያሳልፍ ልጅ ያንን በረሃ እንዴት ይችለዋል ብዬ። ለእመቤታችን ተሳልኩ። በሰላም መልሺልኝ እንጂ ፍልሰታን በየዓመቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ይጾማል አልኩ። የተሳልኩት እኔ፣ የሚጠማው እሱ።

የመኪናው ኤሲ ከተበላሸ ቆይቷል። ባለቤቱ ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ጉዞ ይሠራል ይላል። ሀብታሙ ፎጣ እያራሰ አንገቱ ላይ ይጥላል፤ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ከጎኑ ያስቀምጣል፣ ንፋሱ ያቀዘቅዝለታል። መስኮቱን ስከፍተው ምድጃ ፊት የተቀመጥኩ ይመስለኛል፣ ስዘጋው ምድጃው ውስጥ፣ እያለ ያስቀኝ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ እማዬ የንስሐ አባታችንን ጠይቂልኝ አለኝ፤ በዚያ ሙቀት ውሃ ብጠጣ ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ ብሎ። በዝናብ ሄጄ ጠየቅኩ። አባ አላመነቱም።

«መንገደኛ ነው፣ ይጠጣ። ስለቱን በሌላ እንለውጠዋለን። ዛሬውኑ ንገሪው» አሉኝ።

አልነገርኩትም። አባ አይሆንም ብለዋል፣ እስከ ዘጠኝ ታገስ አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በዚህ አፌ። ለምን? ስለቱ ከፈረሰ ልጄን መንገድ ላይ አጣዋለሁ ብዬ ፈርቼ። ለራሴ የምነግራት ይቺን ነው። ግን የፈራሁት እግዚአብሔርን ነው ወይስ ሰፈሩን? የእሷ ልጅ ጾም ገደፈ እንዳይሉኝስ አልነበረም? ያን ቀን ዳገቱን ስወርድ ጋቢ ተከናንቤም በርዶኝ ነበር። እየበረደኝ በሙቀት ላይ መፍረድ እንዴት ቀለለኝ?

በሁለተኛው ቀን አባ ነገርሽው ወይ አሉኝ። አዎ አባ አልኳቸው።

ጾሙ በገባ በአምስተኛው ቀን ወደቀ። የነገረኝ ከኋላው ይነዳ የነበረው ባልደረባው ጋሽ ተሾመ ነው። ጠዋት ላይ ቀልዶበት ነበር፤ እናትህ ቁስቋም ጋቢ ለብሰው ይጾማሉ፣ አንተ እዚህ ትጠበሳለህ ብሎ። ሀብታሙም ስቆ፣ ዘጠኝ ሰዓት የት ትሄዳለች አለው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሚሌን እንዳለፉ፣ የልጄ መኪና ቀስ እያለ ከአስፋልቱ ወጥቶ አሸዋ ላይ ቆመ። በሩን ሲከፍቱት ይቃዣል፤ ላብ እንኳ የለውም፣ ቆዳው ደርቆ ይፋጃል።

«እትዬ ብርቄ፣ ጀሪካኑ እኮ ሙሉ ነው። ከእጁ አጠገብ» አለኝ ጋሽ ተሾመ።

ሐኪም ቤት ግሉኮስ ተሰክቶለት ነበር የደረስኩት። ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «እማዬ፣ ስለቱን አፈረስኩት?» ብሎ ነው። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ግንባሩን አበስኩለት። ኩላሊቱ ተጎድቷል፣ ከእንግዲህ ውሃ እንዳይለየው አሉ ሐኪሞቹ። ሰው ሁሉ ኤሲ ያላሠራውን የመኪናውን ባለቤት ረገመ፤ እኔም አብሬ ረገምኩ። አባ ሲያርፉ ደግሞ ቀብራቸው ላይ እያለቀስኩ፣ በውስጤ ቀለል አለኝ። የሚያውቅብኝ የለም ብዬ። እንዲህ ያለች ሴት ነኝ።

ሦስት ዓመት ያህል እዚሁ ከተማ ሲሠራ ቆይቶ ባለፈው ወር ወደ መስመሩ ተመለሰ። ያው መኪና፣ ያው የማይሠራ ኤሲ። ፍልሰታ ዛሬ ገባ። ትናንት ደውሎ፣ አባ ያሉትን አልረሳሁም፣ እስከ ዘጠኝ እታገሳለሁ፣ አታስቢ አለኝ። አባ ያሉትን! እግዚአብሔር ይጠብቅህ ብዬ ዘጋሁት። ከማለዳ ጀምሮ እደውላለሁ፤ ከአገልግሎት መስጫ ክልል ውጭ ናቸው ትለኛለች የቴሌዋ ሴትዮ። ቁጭ ማለት ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

እዚህ ላይ ስደርስ እንደገና ሞከርኩ፤ ስልኩ ጠራ፣ አነሳው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ደህና ነህ ወይ እንኳ አላልኩም።

«አባ ጠጣ ብለውህ ነበር። የከለከልኩህ እኔ ነኝ።»

«የዚያን ጊዜ?» አለኝ በሞተሩ ድምፅ መሃል።

«የዚያን ጊዜ፣ ሀብታምዬ።»

መስመሩ ተቋረጠ። እሱ ይዝጋው፣ ኔትወርክ ይሁን፣ አላውቅም። ሲጠጣ አልሰማሁም። እንደገና ደወልኩ፣ አይጠራም።

ይቅር በለኝ አላልኩትም፣ እናንተንም አልልም። ፈርቼ ነው ብዬ ማምለጥም አልፈልግም፤ አሁንም እየፈራሁ ነው፣ ግን ተናገርኩ፣ ያን ጊዜም መናገር ይቻል ነበር ማለት ነው። ይርገመኝ። ብቻ ጠጥቶ ይርገመኝ።