ሴሏ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር

ከታላቅ እህቴ ጡት ናሙና ከተወሰደ ወዲህ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ቀራንዮ ካለው ቤታችን እስከ ታክሲ መያዣው ያለ ጉዳይ እመላለሳለሁ፤ ስገባ ደግሞ ስልኬን እከፍታለሁ። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ ባቋርጥም ያልገባኝን ነገር እስኪገባኝ ማሳደድ አመሌ ነው።

ስለ ካንሰር ያየሁት ቪዲዮ ሴል ውስጥ አክቲን ከሚባል ነገር የተሠሩ ቀጫጭን ክሮች እንዳሉ ያሳያል። ሴሏ አርፋ ስትቀመጥ ክሮቹ ዙሪያዋን ይዘዋት ይኖራሉ፤ ፊትም ኋላም የላትም። ልትወርር ስትነሳ ግን ክሮቹ ወዳንድ ወገን ይከማቻሉ፤ ያኔ ፊት አበጀች ማለት ነው። በዚያ በኩል እግር የመሰለ ነገር ትገፋና ስሯ ያለውን ስስ ግድግዳ እየበላች ትበሳዋለች። ኋላዋ እየተኮማተረ ይከተላል።

ይህንኑ ለእህቴ አሳየኋት። ወንድም ጋሼ ሰምቶ "የስልክ ዶክተር" እያለ ተቆጣኝ። በኛ ቤት ክፉ ውጤት ለታማሚ አይነገርም። መጀመሪያ እሱ ይሰማል፤ ከዚያ ሁላችንም አንድ ዓይነት ፊት ይዘን ደህና ነው እንላለን። እናታችን እስክታርፍ ድረስ ጨጓራ ነው እንላት ነበር።

የውጤቱ ዕለት ወንድም ጋሼ ሐኪሙ ዘንድ ብቻውን ገባ። እኔና እህቴ ኮሪደር ላይ ቀረን፤ እሷ ተቀምጣ፣ እኔ እየተንቆራጠጥኩ። ሲወጣ ይስቃል። ግድግዳውን አላለፈም፣ ተቆርጦ ይወጣል አለን። እልል ልል ስል እህቴን አየኋት፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"እማዬንም እንዲሁ ነበር ያልናት" አለች።

ወንድም ጋሼ ማለ፣ ተገዘተ። በማለ ቁጥር ባሰባት። አላስቻለኝም፤ እጇን ይዤ የሐኪሙን በር አንኳኳሁ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። የናሙናውን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተልን። በአግድም የተቆረጠ የወተት ቧንቧ ነው አለን፤ ቀለበት የመሰለ፣ ውስጡ በሴል የታጨቀ። እህቴ ጎንበስ ብላ አየችው።

"ፊት አበጅተዋል?"

በቪዲዮ ያሳየኋትን የክሮቹን ነገር ነገርኩት፤ ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ወደሷ ዞረ። "የክሮቹ ነገር በዚህ ፎቶ አይታይም። ግድግዳው ግን ይኸውልሽ፤ ባየነው ሁሉ አልተበሳም።"

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቀለበቱን ቀስ ብላ ዞረችው፤ ከጀመረችበት እስክትደርስ ጣቷን አላነሳችም። ከዚያ ቀና ብላ በሩ ላይ የቆመውን ወንድማችንን አየችው።

"ወንድም ጋሼ፣ ከእንግዲህ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ።"

እሺ አላት። እኔም በዚያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።